ጡዘቱ የት አለ?

ትናንት ቡና ላይ አንድ ወዳጄ «አዳም ረታ ታሪኩን የሚበጣጥሰው ላቲኖቹን ለመምሰል ነው» አለኝ። ኧረ ተው!

ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን ያሳተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። አንድ ጀግና ይዞ ቀጥ ብሎ አይነጉድም። ወጉ፣ ሙግቱ፣ ሐሜቱ እየተደራረበ ይመጣል፤ ሰዎቹን የምታውቋቸው ከአነጋገራቸው ነው። ሙግት ላይ ያለች አገር በአንድ አፍ አትተረክማ! አዳምም ቢሆን «ሕፅናዊነት» ያለውን አጻጻፉን ሲያስረዳ ምሳሌው እንጀራ ነው።

ላቲኖቹን እንያቸው ካላችሁም እንያቸው። አርጀንቲናዊው ሁሊዮ ኮርታዛር በ1963 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ልብወለድ ርዕሱ በኛ «ሰኞ ማክሰኞ» ማለት ነው። አዎ፣ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ልጆች በጠመኔ አስምረው በአንድ እግር የሚዘሉት! 155 ምዕራፍ አለው። በተራ እስከ 56 አንብቦ መተው ይቻላል፤ ወይ ደራሲው በሰጠው ቅደም ተከተል ከ73 ጀምሮ እየዘለሉ መሄድ። እኔን ሁለተኛው መንገድ አድክሞኛል፣ አልዋሽም።

ሳንድራ ሲስኔሮስ ግን ሌላ ናት። «ዘ ሃውስ ኦን ማንጎ ስትሪት» (1984 እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ያለ የላቲኖ ሰፈርን በቁርጥራጭ ይተርካል፤ አንዳንዱ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ተራኪዋ አንዲት ልጅ ብትሆንም ለጎረቤቱ ሁሉ ተራ ይደርሰዋል። ኮርታዛር በቅርጹ ይጫወታል፤ እሷ ግን ሰፈር እንዴት እንደሚታወቅ ገብቷታል፦ በመስኮት፣ በደረጃ፣ በግማሽ ወሬ። ለኔ ዳኛቸው የሚቀርበው ለሷ ነው።

ይሄ ሁሉ ንዴት ከየት መጣ? ከራሴ ጥፋት። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ስለፈረሰው ሰፈራቸው ጻፈች። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንቀጽ፦ ጠላ ሻጯ፣ ልብስ ሰፊው፣ የቦኖ ውሃው ወረፋ። ዋና ገጸ ባሕርይ የለም። የመጨረሻው አንቀጽ የቤት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ። እኔ ሆዬ በቀይ እስክሪብቶ «ትልም የለውም፤ ጡዘቱ የት አለ?» ብዬ ከ10 4 ሰጠኋት። ሰፈሩ ተበትኖ፣ እሷ ሰብስባ እንድትተርክልኝ ፈልጌ!

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ያንን ተራራ የሚመስል የትልም ሥዕል ሰሌዳ ላይ አትሳሉ አላልኩም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያህል ሥራ በአብዛኛው በቀጥታው መንገድ ነው የሄደው። ነጥብ መቀነሻ ግን አታድርጉት።

አንቺ ልጅ፣ ይሄን ካየሽና ወረቀቱ ካልጠፋ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እንደገና አርማለሁ።