ጮቄ ቀይ ቀበሮውን አጣ፤ ጓሳውንስ?

ከጉንደ ወይን ወደ ጎጃሙ ጮቄ ተራራ የሚወጣ ሰው ጅባራውን ያያል፤ እዚህም እዚያም የተረፈውን አስታ፣ ዳገቱን እየገፋ የወጣውን የገብስና የድንች ማሳ ያያል። ቀይ ቀበሮ ግን አያይም። ጮቄ እንደ ሰሜን ሸዋው ጎሽ ሜዳ ሁሉ ዝርያው ከጠፋባቸው ተራሮች አንዱ ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አይገኝም፤ የቀሩት ለመራባት የደረሱ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ባሌ ናቸው።

ጠባዩን ያየ ሰው በከንቱ መሳደዱ ያንገበግበዋል። ሌሊት በመንጋ ተጠጋግቶ ውርጭ ላይ ያድራል፤ ንጋት ላይ አብሮ ድንበሩን ይዞራል። ለአደን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማራል። ጆሮውን ወደ ጓሳ ሣሩ አቅንቶ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ በሆዱ መሬት ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በአንድ ዝላይ አይጧ ላይ ያርፋል። ፍልፈል ሲሆን ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል። ባሌ ላይ በተደረገ ጥናት ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ አይጥና ፍልፈል ሆኖ ተገኝቷል። በመንጋው የምትወልደው በአብዛኛው አለቃዋ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ለግልገሎቿ ምግብ ያቀብላሉ፣ ጉድጓዱንም ይጠብቃሉ።

እንዲህ ያለውን አውሬ ከገደሉት ሰዎች ይልቅ የጨረሱት እርሻና ውሻ ናቸው። ጓሳው ሲታረስ አይጡ ያልቃል፤ ያልተከተበ ውሻ ደግሞ በሽታ ያመጣበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የሚቀርብ ክትባት መሰጠት ጀምሯል።

አባይን ተሻግሮ፣ ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ላይ፣ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ። የአባይን ቆላማ ገደል ግን በራሱ አቋርጦ ጎጃም አይገባም፤ ሰው ካላመጣው አይመጣም። የሚመጣበት ጓሳ ከሌለ ደግሞ ማምጣቱ ከንቱ ነው።

የመንዝ ሰው ጓሳውን ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ሕግ ጠብቋል፤ ለዓመታት ዘግቶ፣ በተቆረጠ ጊዜ ከፍቶ ሣር ያጭዳል። ቀይ ቀበሮውም እዚያው ጭላዳ መሐል ሲያድን ይታያል። የጎጃም ገበሬ ጣሪያውን በጓሳ የከደነ፣ ገመዱን በጓሳ የገመደ ሕዝብ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ለማቆም ከማንም አያንስም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከጮቄ ግርጌ ያለውን የየቤቱን ውሻ በየዓመቱ ያስከትቡ፤ ቀበሌዎችም ከተራራው አናት ላይ ሞፈር የማይደርስበትን ወሰን ከሽማግሌዎች ጋር ያስምሩ። ክትባቱ ቀበሮው ባይመለስም እንኳ የእረኞቹን ልጆች ያድናል።