«ዳኛ ሳለሁ…»

ከታዛቢው

ልደታ ፍርድ ቤት ግቢ መዝገብ አቅፈው ተራ ከሚጠብቁ ጠበቆች መካከል ወሬውን «ዳኛ ሳለሁ…» ብሎ የሚጀምር አይታጣም። እኔን ያቺ «ሳለሁ» ታሳስበኛለች።

የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን ነገር እናንሳ። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው በታሰሩ ጊዜ፣ ወጣቷ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ዋስትና ፈቀዱላቸው። ስዬ ከችሎት ቢወጡም ቤታቸው አልደረሱም፤ ፖሊስ እዚያው መልሶ ያዛቸው። በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚከለክል አዋጅም ወጣ፤ ቁጥሩ 239/1993። የዳኛዋ ብዕር ሳይደርቅ ማለት ይቻላል።

የቀረውን አገር ያውቀዋል፦ ጥብቅና፣ ቅንጅት፣ እስር፣ ይቅርታ፣ ዳግም እስር፣ ስደት፣ በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነት፣ በሰኔ 2015 መልቀቂያ። ሰው ይህን ሲተርክ ጽናታቸውን ያደንቃል፤ ይገባቸዋል። እኔ ግን የሚቆጨኝ የቀረው ዳኝነት ነው። ያ ዋስትና ለመፍቀድ ያልፈራ እጅ ሃያ ዓመት መዝገብ ቢያገላብጥ ኖሮ፣ ዛሬ ፍርዱ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ በሚያስገድደው ሰበር ችሎት ምን ይጽፍ ነበር?

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም በወጣትነታቸው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ትተው ወጡ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ፤ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ በጥቅምት 2011 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ። በሁለቱ ሴቶች ሹመት መካከል ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ያኔ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሁለቱም ይበልጥ ስም ያወጡት ከዳኝነት ወንበሩ ከወረዱ በኋላ መሆኑ የታየኝ ዘግይቶ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነሳ ይከለክላል። የሰለቸውን ዳኛ ግን አንቀጽ አያስቀረውም፤ የሚያስቀረው ያዘዘው ሲፈጸም ማየቱ ነው፤ ደመወዙም ቢሆን።

ዳኞች ሲሾሙ ፓርላማ ፊት ቆመው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እናያለን። የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የለቀቁትንም ይንገረን፤ ስንት ናቸው? ስንት ዓመት ሠርተው ወጡ? ለምን?