ስለ አሜቴስጢኖስ አጠባበቅ

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 በሊቀ ካህናቱ የደረት ልብስ ላይ ከተቈጠሩት የከበሩ ድንጋዮች አንዱ አሜቴስጢኖስ ነው። ስሙ በግሪክ ቋንቋ «የማይሰክር» ማለት ነው፤ የጥንት ግሪኮች ይህን ድንጋይ የያዘ ሰው ወይን ቢጠጣ አይሰክርም ይሉ ነበርና።

አፈጣጠሩም እንዲህ ነው። ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ሲበርድ በውስጡ ባዶ ስፍራ ይቀራል። ሲሊካ የሟሟበት ውሃ ወደዚያ እየሰረገ ብዙ ዘመን ሲቈይ፥ መስተዋት የመሰለ ኳርትዝ ያበቅላል። በኳርትዙ ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ከአካባቢው ዓለት የሚወጣ ጨረር ሲያገኘው ሐምራዊ መልክ ይሰጠዋል። ብዙው የሚገኘው በብራዚልና በኡራጓይ ነው።

ነገር ግን መልኩ ጽኑ አይደለም። ፀሐይ ብዙ ጊዜ ቢያገኘው ይደበዝዛል፤ ከ400 ዲግሪ በላይ ቢግል ብዙውን ጊዜ ብጫ ይሆናል፤ ነጋዴዎችም ሲትሪን ብለው ይሸጡታል። ስለዚህ ከእናቱ የወረሰው ቀለበት ያለው ሰው በመስኮት አጠገብ አያኑረው፤ አንጥረኛም በእሳት ሲጠግነው ድንጋዩን አስቀድሞ ያውጣ። የሚገዛም ሰው በፋብሪካ የተሠራ እንዳለ ዐውቆ፥ ዐዋቂ ሳያስመረምር ገንዘቡን አይክፈል። ግሪኮች ድንጋዩ ሰውን ይጠብቃል ቢሉም፥ ድንጋዩን መጠበቅ የሚገባው ሰው ነው።