የእንዶድ ፍሬ ኃይልና የባለቤትነቱ ጥያቄ

በአጥር ጥግና በየወንዙ ዳር የሚበቅለው እንዶድ ከልብስ ማጠቢያነት ያለፈ ግምት ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ በፍሬው ውስጥ ያለው ቅመም ባሕር ማዶ ፓተንት እስከማስወጣት የደረሰ በመሆኑ፣ የቀበሌና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉዳዩን በቅርብ ሊያውቁት ይገባል።

እንደሚታወቀው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ስላለበት፣ ቀንድ አውጣው ሲጠፋ የበሽታው መተላለፊያም ይቆረጣል።

ገዳዩ ሳፖኒን የተባለው ውሁድ ነው፤ አረፋ የሚያወጣውም ይኸው ነው። ሳፖኒኑ ባልተነካ ፍሬ ውስጥ ሳለ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ግን በራሱ በፍሬው ያለ ኤንዛይም ለውጦ ኃይለኛ ያደርገዋል። እንግዲህ እናቶች ሲወቅጡና ሲዘፈዝፉ የኖሩት በከንቱ አልነበረም። ፍሬው ሳይበስል፣ አረንጓዴ ሳለ ሲለቀም ይበልጥ ይሠራል። ከተክል ተክልም ልዩነት አለ፤ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው ከተሰበሰቡት መካከል ዓይነት 44 የተባለውን የመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት አግኝተዋል።

ይኸው ልዩነት በሌላ በኩል አደጋ አለው። እንዶድን ለፅንስ ማስወረጃ ወይም ለሕመም ብሎ የሚጠጣ ሰው በስኒው ውስጥ ምን ያህል መርዝ እንዳለ መለካት አይችልም፤ ለሞት የሚዳርግበት ጊዜም አለ። ዓሣንም ይገድላል። ቢልሃርዝያ የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ፕራዚኳንቴል መውሰድ አለበት።

ወደ ባለቤትነቱ ስንመለስ፣ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት እንስሳ የውሃ ቧንቧዎችን በደፈነ ጊዜ እንዶድ መፍትሔ ሆኖ ቀረበ። ለዚህ አገልግሎት ፓተንት ያወጣው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያን ጊዜ በአገራችን የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠብቅ ዝርዝር ሕግ ገና አልወጣም ነበር። የወጣው ዘግይቶ፣ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 482 ነው።

አዋጁ ነዋሪው እንደ ልማዱ እንዶድ ለቅሞ እንዳይጠቀም አይከለክልም። ለምርምር ወይም ለንግድ ናሙናና ዕውቀት የሚፈልግ ወገን ግን ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የማኅበረሰቡም ዕውቀት ሲጠየቅ ማኅበረሰቡ አስቀድሞ ሊስማማ ይገባል፤ ከጥቅሙም ድርሻ አለው። በእኛ አስተያየት ትልቁ ችግር ሕግ ማጣት ሳይሆን ሕጉ እስከ ቀበሌ አለመታወቁ ነው። በመሆኑም ናሙና ሰብሳቢ ሲመጣ፣ እንግዳ ተቀባይነቱ እንዳለ ሆኖ፣ መሪዎች የፈቃድ ወረቀቱን ጠይቀው ማየት፣ ባለዕውቀቶቹን፣ በተለይም ሴቶቹን፣ በስብሰባ ማማከርና የተስማሙበትን በቃለ ጉባኤ አስፍረው አንዱን ቅጂ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ማስቀረት ይኖርባቸዋል።