ጠባቂው መቼ ጠፋ?

ስለ ቅርስ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አንድ ምክር ሳይነሣ አይቀርም፦ «ኅብረተሰቡ በበጎ ፈቃድ ተደራጅቶ ቅርሱን ይጠብቅ።» ተናጋሪው ይጨበጨብለታል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚያስቆጣውም ይኸው ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለው ሕዝብ ቅርሱን ያለ ደመወዝ ሲጠብቅ ዘመናት ተቆጥረዋል፤ እንደ አዲስ ማን ይመክረዋል?

ጃናሞራ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ማየት ይበቃል። ያሠሯት የሰሜን ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው፣ በዚችው ቤተ ክርስቲያን በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። በአገሩ ሥርዓት የደብር ንዋየ ቅድሳት በቄሰ ገበዙና በዕቃ ቤት ጠባቂው አደራ ነው። ጠባቂ ሳይኖር የቀረበት ዘመን የለም።

ጠባቂ መኖሩ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያድን ደግሞ ጎንደር ትመስክር። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አውርዶ፣ በቦታቸው ቅጂ ለጥፎ ሄደ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ካህናቱ የትም አልሄዱም ነበር፤ ሥራው የተሠራው ዓይናቸው እያየ ነው። ከኋላቸው ቆሞ «ይህ የአገር ንብረት ነው፣ አይወጣም» የሚል ግን አልነበረም።

የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀልም እ.ኤ.አ. በ1997 የተሰረቀው ካህናት ከሞሉበት ደብር ነው። መስቀሉ ከባሕር ማዶ ቢመለስም፣ ስንት ጎብኚ ፎቶ ያነሣው፣ ዓለም ያወቀው መስቀል ነበር። ፎቶግራፍም መዝገብም የሌለው የገጠር ደብር ብራና ቢጠፋ ማን «የእኔ ነው» ብሎ ይሟገትለታል?

ለተራራው ሲሆን ግን ጠባቂ ሊከፈለው እንደሚገባ ይታወቃል። ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ ጎብኚ ደባርቅ ላይ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይቀጥራል፤ ጎብኚው በመንገዱ አምቢኮ ሰፈር ሲያድር ስካውቱ አብሮ ያድራል፣ የቀን አበሉም ይከፈለዋል። ለዋልያውም ደመወዝተኛ ጠባቂ አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገባበት፣ ዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶችን ከሚይዝበት መዝገብ በ2017 የወጣው በጭብጨባ አይደለም። ገንዘብ ወጥቶበታል፤ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ከዚያው ተራራ ሥር ያለው ቄሰ ገበዝ ተራ ሲደርሰው ግን በጎ ፈቃድ ይታዘዝለታል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ መካሪዎቹ ከአዳራሽ ወጥተው ካሜራና መዝገብ ይዘው ወደ ጃናሞራ፣ ወደ ዳባት ይውረዱ። እያንዳንዱ መስቀልና ብራና ፎቶ ይነሣ፤ የመዝገቡ አንድ ቅጂ በደብሩ፣ አንዱ በወረዳው፣ አንዱ አዲስ አበባ ይቀመጥ። ሌሊት የሚያድረው ዘበኛም እንደ ስካውቱ ይከፈለው።