ባሌ ሱባኤ ገባ... እኔስ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። «ስሜን አደራ» ብላለችና አላወጣም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ባለቤቷ አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ሰው አይነካም። ግን ቤት ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገዳም ይሄዳል። ያለፈው ፍልሰታ ዋዜማ የቤት ኪራይ ተጨምሮባቸው፣ ትንሹ ልጅ ታሞባቸው፣ ባልና ሚስት በዚሁ ተጨቃጨቁ። በማግስቱ «ሱባኤ ገብቻለሁ» የምትል ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አገኘች። ስልኩ ዝግ ነው። ነሐሴ 16 ቀን ጸበል በጀሪካን ይዞ፣ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ስቆጣው ‹ከእግዚአብሔር ጋር ነው የተጣላሽው› አለኝ። እኔ ከእግዚአብሔር ጋር አልተጣላሁም። ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ ኃጢአት አልሠራሽም። ይህንን ካልኩ በኋላ በባለቤትሽ ላይ ዱላ እንዳላነሳ ግን አንድ ነገር እጄን ይይዘኛል። እኔም አድርጌዋለሁ።

አባታችን ሲሞት በተወልን ቤት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተጣላን። ሽማግሌ ለቅዳሜ ተቀጠረ። እኔ ሐሙስ ዕለት ወደ ጎጃም የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ መገንጠያው ላይ ወርጄ ደብረ ሊባኖስ ገባሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ማን ይጠይቀኛል? «ሱባኤ ነው» ያሉት ሰው አይነካም። ምን አለፋችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ገነት የገባሁ መሰለኝ። የሚጮህ የለ፣ የሚከስ የለ። በሁለተኛው ቀን ግን ዝምታው ራሱ ይናገር ጀመር። አፌ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ ልቤ ፍርድ ቤት ቆሟል። ወንድሜን ከሰስኩት፣ መሰከርኩበት፣ ፈረድኩበት።

አንድ አረጋዊ መነኩሴ አጠገቤ ተቀምጠው ኖሮ «ከማን ተጣልተህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ማን ነገረዎት አባቴ?»

«አስቦበት የሚመጣ ሰው በሶውን ቋጥሮ ነው የሚመጣው። አንተ ባዶ እጅህን ነህ» አሉና «ሂድ ታረቅ። በዓቱ የትም አይሄድም» ብለው ተነሡ።

አኮረፍኩ እንጂ አልሰማኋቸውም። ሰባት ቀኔን ጨርሼ ስመለስ ሽማግሎቹ ቅዳሜ ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደጠበቁኝ ሰማሁ። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ደግሞ ወንድሜ ነበር። በዚያች ቅዳሜ ምክንያት እርቃችን አንድ ዓመት ፈጀ።

ታዲያ ሱባኤ ምን ይጠቅማል? ይጠቅማል! ስሙ የመጣው ከሰባት ነው፤ አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነው። የግል አለ፣ የማኅበር አለ፣ ለአገር ጭንቅ የሚታወጅም አለ። በግል የሚገባ ሰው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክራል። መምከሩ ለወግ አይደለም። «ከቤትህ ሰላም ነህ ወይ?» የሚል አንድ ሰው በመካከል እንዲኖር ነው። ጌታም ቢሆን መባህን ይዘህ መሠዊያው ዘንድ ስትደርስ ወንድምህ የሚቀየምብህ ነገር እንዳለ ብታስብ መባውን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ብሎ አዝዟል። እኔ የሄድኩት በተገላቢጦሹ ነው።

ከታረቅን በኋላ በሚቀጥለው ጾም በሶዬን ቋጥሬ፣ ለቤቴ ወጪ ትቼ፣ ለወንድሜም ነግሬ ተመለስኩ። ሞባይሌን ቤት ትቼው ነበር፤ እጄ ግን ራሱን ችሎ ኪሴን ሲዳብስ ስንት ጊዜ ያዝኩት! እንቅልፍ፣ ረሃብ፣ መሰልቸት ሁሉም ተራ በተራ መጡ። በአራተኛው ሌሊት ሰዓታት ቆሜ ሳለሁ፣ በአባታችን አርባ ቀን ለወንድሜ የወረወርኩት ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «አንድ ቀን እንኳ አላስታመምከውም» ብዬው ነበር። ውሸት ነው። አባቴን አቅፎ ሽንት ቤት ያደርስ የነበረው እሱ ነው። እኔ አየው ነበር! ሽማግሎቹ ቤቱን ሲያካፍሉን ይህ ቃል አልተነሣም፣ እሱም አላነሣው፣ እኔም ረስቼው ነበር። ከተማ ብሆን፣ በዚያ ሁሉ ሬዲዮና የመኪና ጥሩንባ መካከል፣ እስከ ዕለተ ሞቴ አልሰማውም ነበር። ተመልሼ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት። «አውቄያለሁ» አለኝና ቡና አስፈላልኝ።

ስለዚህ ባለቤትሽን «ገዳም አትሂድ» እንድትይው አልመክርሽም። በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት አራት ሆኖ የሚኖር ሰው ጸጥታ ቢርበው አይፈረድበትም። ግን ይህችን ጋዜጣ ከጀሪካኑ አጠገብ አስቀምጪለትና ሁለት ነገር ያንብብ።

አንደኛ፣ የመነኮሳት አባት የሚባለው የግብፁ አባ እንጦንስ፣ በሦስተኛው መቶ ዘመን ዓለምን ትቶ ሲወጣ ወላጆቹ ሞተው ታናሽ እህት ነበረችው። ጥሏት አልሄደም። ለሚያምናቸው ደናግል አደራ ሰጥቷት ነው የሄደው። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል በፈረሰ ምሽግ ውስጥ ብቻውን ዘግቶ ቆየ። ሰዎች በሩን ገንጥለው ሲያወጡትም በሽተኛ ሲያጽናና፣ የተጣሉትን ሲያስታርቅ ተገኘ እንጂ ሰው አልሸሸም። ሕይወቱን የጻፈው ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ ነው፤ ከገዳም አባቶች ጠይቆ ይስማ።

ሁለተኛ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ባልና ሚስት ለጸሎት ሊለያዩ የሚችሉት ተስማምተው፣ ለጊዜው ብቻ እንደሆነና ኋላም ተመልሰው አብረው እንዲሆኑ ይመክራል። ተስማምተው! ብጣሽ ወረቀት ስምምነት ነው እንዴ?

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከደብዳቤሽ ግርጌ በጥድፊያ የጻፍሻት ነገር ከሁሉም በላይ አሳዝናኛለች። ልጆቹ ከተወለዱ ወዲህ አንድ ቅዳሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመሽ እንደማታውቂ፣ የምትጸልይው ማታ ሁሉም ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ቆመሽ መሆኑን ነግረሽኛል። «እኔስ?» ብለሽ ነው የጨረስሽው። ያ ወጥ ቤት በዓትሽ ነው ብዬ ልሸነግልሽ አልፈልግም። ደክሞሻል።

ስለዚህ ቁጣሽ በረድ ሲል፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ለእሱ ቁጭ ብለሽ ንገሪው። «አንተ አሥራ አምስት ቀን ሄድክ። እኔ ሰባት ቀን እፈልጋለሁ። ሩቅ አልሄድም፤ ጠዋት ኪዳን አደርሳለሁ፣ ከሰዓት ቅዳሴ እቆማለሁ፣ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ልጆቹን አንተ ትይዛለህ፣ ምግባቸውንም ታበስላለህ» በይው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ደግሞ ሁለታችሁም አንድ ላይ ሄዳችሁ ተመካከሩ። መቼም «እምቢ» ካለ ጸበሉን ለምን እንዳመጣው ይንገረን።

ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ። ከቻለ እሱም ይጻፍልኝ።