ለአሮጌዋ ኮምቢ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይግባላት፣ ኮንታክቱ ግን አይጣል

በዶራሌ ወደብ መንገድ ዳር ከደወሌ የሚገባውን ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ድንች ተቀብለን የምናከፋፍል ስድስት ሴቶች በአንዲት አሮጌ ፎክስዋገን ኮምቢ ምክንያት ለሁለት ተከፍለናል። ኮምቢዋ የጋራችን ናት፤ በእቁብ ገንዘብ የተገዛች፣ ከፋብሪካ ስትወጣ አብዛኞቻችን ገና ያልተወለድን። ክርክሩ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይግባላት ወይስ በጥንቱ ኮንታክት ትቀጥል የሚል ነው። ከውጭ ለሚሰማው የጋራዥ ወሬ ይመስላል። ስምንት ኩንታል ቲማቲም ጭኖ በአሊ ሳቢህ ዳገት ላይ በሌሊት ለቆመ ሰው ግን ወሬ አይደለም። ይህን የምንጽፈው «ይግባላት» ካልነው አራቱ ወገን ሆነን ነው። የሁለቱን እህቶቻችንን ፍራቻ ግን አንንቅም፤ ከፊሉ እውነት ነው።

«ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ፣ ሽጣችሁ አዲስ አትገዙም?» የሚሉን አሉ። ከየት አምጥተን? በኢትዮጵያ በኩል በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። የኤሌክትሪክ ሚኒባስ በዓይናችን እያየን ነው ከወደቡ ወጥቶ የሚያልፈው፤ ዋጋው የእኛን እቁብ ስንት ዙር እንደሚፈጅ ማስላት እንኳ አልፈለግንም። ስለዚህ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ሐረር ሄዶ የፔጆ 404 ታክሲዎችን ያየ ይህን አይጠራጠርም። 404 መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ የወጣ መኪና ነው፤ ሐረር ላይ ዛሬም ተሳፋሪ ያወርዳል፣ ይጭናል። የእኛዋ ኮምቢ ዘመዶች ደግሞ ከ1950 ጀምሮ ተሠርተው ብራዚል ውስጥ እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ከፋብሪካ ይወጡ ነበር። ዕቃቸው በዓለም ላይ አልጠፋም። ጥያቄው የትኛው ዕቃ ይበጃል ነው።

ኮንታክቱ ምን እንደሚሠራ ሁላችንም ሳናውቀው ስንከፍልበት ስለኖርን እንናገረው። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ሲገናኙ የባትሪው 12 ቮልት በኮይሉ ውስጥ ያልፋል። ሲለያዩ ኮይሉ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ ይፈርስና በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሆኖ በካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት ይሰጣል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር ይህ መገናኘትና መለያየት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሆናል። በአምስት ሰዓት ጉዞ 1,800,000 ጊዜ ማለት ነው። ከብረቶቹ ጋር የተያያዘች፣ ዘንጉ ላይ እየታሸች የምትከፍታቸው ትንሽ የፋይበር ቁራጭ አለች። እሷ ስታልቅ ክፍተቱ ይጠባል። 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን የሚገባው ክፍተት ሲጠብ ደግሞ እሳቱ ይዘገያል። የኮምቢ ሞተር ከኋላ ነው፤ ውሃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። እሳቱ የዘገየ እንዲህ ያለ ሞተር በበጋው ኻምሲን ነፋስ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይግላል። ብዙ ሰው «ኮምቢ የበረሃ መኪና አይደለችም» የሚለው ለዚህ ይመስለናል። መኪናዋን ሳይሆን ማንም ያላየላትን 0.4 ሚሊ ሜትር ነው መውቀስ ያለበት። በዚያ ላይ የባሕሩ ጨው አለ። ዶራሌ ላይ ያደረ ብረት ሁሉ ያውቀዋል፤ የኮንታክቱም ጫፍ አይቀርለትም።

መካኒኩ በየጊዜው ይከፍታል፣ በአሸዋ ወረቀት ይፍቃል፣ ያስተካክላል፣ ይከፈለዋል። ከመካከላችን አንዷ ክፍተቱን በክብሪት ቤት ወረቀት ለክታ ማስተካከል ተምራለች። ጎበዝ ናት። የክብሪት ቤት ወረቀት ግን ሁሉም አንድ ውፍረት የለውም።

ኤሌክትሮኒኩ የሚተካው እነዚያን ሁለት ብረቶች ብቻ ነው። ዘንጉ ላይ ማግኔት ያለው ቀለበት ይገባል፤ በጎኑ ያለችው ትንሽ ሞጁል የማግኔቱን ማለፍ እየቆጠረች የኮይሉን መብራት ትቆርጣለች። የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚያልቅ ክፍተት የለም። ታይሚንጉ አንዴ ከተስተካከለ በዚያው ይቆያል። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ለእኛ በቂ ነው። ኃይል ይጨምራል፣ ቤንዚን በግማሽ ይቀንሳል እያለ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ። በደንብ ከተስተካከለ ኮንታክት ጋር ሲወዳደር ቤንዚን ላይ የሚታይ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የሚታየው ካልተስተካከለው ጋር ሲወዳደር ነው፤ የእኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያልተስተካከለው ነው። ካርቡራተሩ ከቆሸሸ፣ የካንዴላ ገመዶቹ ከተሰነጣጠቁ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ በጣት ሲያዝ የሚንገዳገድ ከሆነ መጀመሪያ እነሱ ይሠሩ።

አሁን ወደ ሁለቱ እህቶቻችን ፍራቻ እንምጣ። የሚሉት ይህ ነው፦ ኮንታክት ሲሞት እያቃሰተ ነው የሚሞተው። ሞተሩ ይንተከተካል፣ ይጎትታል፣ ታውቂዋለሽ፤ ቆመሽ በምላጭ ብትፍቂው ቤትሽ ያደርስሻል። ሞጁል ግን ሲሞት ዝም ይላል። የሚፋቅ የለ፣ የሚጠገን የለ። ከአሊ ሳቢህ እስከ ጉሊሌ ባለው መንገድ በሌሊት ሁለት ሴቶችና አንድ ሹፌር፣ ስልኩ አንዳንዴ የማይሠራበት ቦታ ላይ። ተቃውሟቸውን አድራቂነት ነው ያለ ሰው ያን መንገድ በሌሊት አልሄደበትም።

መልሳችን አንድ ነው፤ ሁለተኛ ዲስትሪቢዩተር። ሞጁሏን በመንገድ ላይ ፈትቶ ኮንታክት መልሶ መግጠም፣ ኮንደንሰር ማሰር፣ ክፍተት መለካት በባትሪ መብራት የሚሠራ ሥራ አይደለም። ነገር ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ ቮልስ ላይ የወጣ፣ ዘንጉ ያልላላ ዲስትሪቢዩተር ቢገዛ፣ ኮንታክቱና ኮንደንሰሩ አዲስ ሆነው ቢገጠሙለት፣ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ በኮምቢዋ ላይ ታይሚንጉ ተስተካክሎ ከነማሰሪያው ቢወጣና በላስቲክ ተጠቅልሎ ከወንበር ሥር ቢቀመጥ ሌላ ነገር ነው። የፎክስዋገን ዲስትሪቢዩተር እግሩ ላይ ያለው ጥርስ ከመሐል ወጣ ያለ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገባው፤ በጨለማ እንኳ ገልብጦ ማስገባት አይቻልም። ማሰሪያው አብሮት ስላለ ታይሚንጉም እንደተስተካከለ ይመለሳል። አንድ ብሎን መፍታት፣ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት፣ ክዳኑን መመለስ፣ የሞጁሏን ሁለት ሽቦ ከኮይሉ ላይ ነቅሎ የኮንታክቱን አንድ ሽቦ በኮይሉ ኔጋቲቭ በኩል ማሰር። ይህን ሹፌሩ ብቻ ሳይሆን ከእኛም ቢያንስ ሁለታችን እጃችንን አስገብተን እንልመደው እንላለን። መኪና ያለው ሰው ስለ መኪናው በመካኒኩ አፍ ብቻ መናገር የለበትም።

ስለ ገንዘቡ። ዋጋውን እዚህ አንጽፍም፤ ኪቱ በዶላር ይመጣል፤ እዚህ ፍራንኩ ከዶላሩ ጋር ታስሮ ስለሚኖር ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ለድሬዳዋ ሰው ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዋጋው ሌላ ታሪክ ነው። የኮሜርስ ትምህርት ቤት ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር የዕቃን ዋጋ ከዕቃ ዋጋ ጋር ብቻ ማወዳደር ሒሳብ አለመሆኑን ነው። ኮንታክት ርካሽ ነው፤ ኪቱ ውድ ነው፤ እውነት። በሌላው ዓምድ ላይ ግን በዓመት ስንት ጊዜ መካኒክ ከፈልን፣ ስንት ጊዜ ለመጎተቻ ከፈልን፣ ስንት ሳጥን ቲማቲም ፈስሶ ተጣለ የሚለው ይግባ። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ ቲማቲም ለሰዓታት አይታገሥም። ደንበኛችን የሆነ ምግብ ቤት አንድ ጠዋት ካጣን በማግስቱ ከሌላ ይገዛል፤ እሱን ማን ይመልስልናል? መዝገባችንን ከፍተን ስናየው ኪቱ ዋጋውን የሚመልሰው ሁለት የጠፉ ጭነቶችን ቢያድንልን ነው።

ዋናው አደጋ ያለው ኪቱ ላይ ሳይሆን ገበያው ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዷ ለወንድሟ መኪና ከአንድ ሱቅ የገዛችው ኪት ማሸጊያው ላይ የታወቀ ስም ነበረው፤ መመሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ሻጩ «ኤሌክትሪክ አይመለስም» አላት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እዚህ ሱቆቹ በፈረንሳይኛ ነው የሚያውቁት፤ ኮንታክቱ «ቪ ፕላቲኔ»፣ ዲስትሪቢዩተሩ «አሉሜር»፣ ካንዴላው «ቡዢ»፣ ኮይሉ «ቦቢን»፣ የምትፈልጉት «አሉማዥ ኤሌክትሮኒክ» ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ጽፋችሁ ሂዱ፤ «ለፎክስዋገን ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ቀለበቱም አይገጥምም። ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩ ብዙዎቹ ኮምቢዎች 6 ቮልት ናቸውና ባትሪያችሁን እዩ። ኮይሉን በቴስተር አስለኩ፤ ለ4 ሲሊንደር የሚሸጡት ኪቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3 ኦም የሆነ ኮይል ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ከሆነ ሞጁሏ ትቃጠላለች። ቀዩ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ፤ ተገላቢጦሽ አንዴ ከታሰረ ብዙዎቹ ለሁለተኛ ዕድል አይተርፉም። እነዚህን ጥያቄዎች ስትጠይቁ የሚቆጣ ሻጭ ካለ ከሱቁ ውጡ።

ዕቃውን ከዱባይም ከአዲስም እያመጣችሁ ለምትሸጡ ለእናንተም፣ ለእህቶቻችንና ለወንድሞቻችን፣ አንድ ነገር እንበል። መመሪያ የሌለውን ዕቃ አትጫኑ። ሻንጣ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። ሽያጭ ላይ ቆማችሁ ባትሪ ላይ ሞክሩት፤ ገዢው ይይ። በጋራዡ ሰፈር ስማችሁ አንዴ ከተነሳ ብሬክ ሸራም ሆነ ጎማ ከእናንተ የሚገዛ አይኖርም።

ሹፌሮችን በተመለከተ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ሬዲዮው ነው። ወደቡ በር ላይ ወረፋ ሲረዝም ሹፌሩ ሞተሩን ያጠፋል፣ ቁልፉን ግን አዙሮ ሬዲዮ ይሰማል። ሞተር ሳይሠራ ቁልፉ ከበራ መብራቱ በኮይሉና በሞጁሏ ውስጥ ያለማቋረጥ ሊፈስ ይችላል፤ ሁለቱም ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ከዚያ «ኤሌክትሮኒክ በረሃ አይችልም» ይባላል። የሬዲዮው ሽቦ በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ይምጣ፤ ቁልፉ ከሹፌሩ ኪስ ይግባ። የእኛ ሹፌር ይህን ሲሰማ ፊቱን አጥቁሯል፤ ዜናውን በስልኩም መስማት ይችላል።

በዚህ ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ ሁለቱ እህቶቻችን አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ፤ ሁለተኛው ዲስትሪቢዩተር እጃችን ሳይገባና እነሱ ራሳቸው ቀያይረው ሳይሞክሩት ኪቱ አይገባም አሉ። ይሁን ብለናል። ከመካከላችን ለእናቷ ተዝካር ወደ አዲስ አበባ የምትሄደው እህታችን የዲስትሪቢዩተሩን ቁጥር በወረቀት ይዛለች፤ ሶማሌ ተራ ስትደርስ ዘንጉን በጣቷ ነቅነቅ አድርጋ ሳታይ እንዳትከፍል ነግረናታል።